ለእናቴ የጠበስኩት የጾም በርገር

በርገር መሥራት ከባድ ነገር አይደለም። መካኒሳ ባለች አንዲት ትንሽ በርገር ቤት ጓዳ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሥራውን ግን በሁለተኛው ሳምንት ለምጄዋለሁ። እኔን የሚከብደኝ ከጓዳ ወጥቶ ሰው ማናገር ነው። አስተናጋጅ ሲቀር ባለቤትየዋ «ዛሬ አንቺ ታዘዢልኝ» ካለችኝ መጀመሪያ የማጥበው ዕቃ እፈልጋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን በሌላ ልጅ ስም ይጠራኝ ነበር። ስሜ ይህ አይደለም ማለት አቅቶኝ ዓመቱን ሙሉ በሰው ስም አቤት ስል ከረምኩ። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን ስተው ማንም አልተገረመም።

ይህን የምጽፈው እናቴን ያጣሁበት ቀን ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው። እናቴ በሕይወት አለች። ሀና ማርያም ጉልት ተቀምጣ አትክልት ትሸጣለች፤ በሁለት ታክሲ እደርስባታለሁ።

ባለቤቴን ሳገባ እናቴ ሠርጌ ላይ አልተገኘችም። እሱ ከደቡብ የመጣ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ በማርያም ደጅ ያደግኩ ነኝ። እሱን ተከትዬ ቸርች መሄድ ስጀምር እናቴ አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። «ከቤትሽ እህል ውሃ አልቀምስም» አለች፤ በቃ። ልጄ ስትወለድ እንኳ ገንፎ ሠርታ መጥታ፣ ሳህኑን በር ላይ አቀብላኝ፣ ልጅቷን ጉንጯን ስማ፣ ከደጅ ተመለሰች። እንዲህ ሆነን አምስት ዓመት ኖርን።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ልጄን የሳንባ ምች ያዛት። ሐኪም ቤት ስንተኛ እናቴ ጉልቷን ዘግታ መጣች። ለአምስት ቀን ከአልጋው አጠገብ አልተነሳችም። ስንወጣ ልጄ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «እማማ፣ ቤታችን ነይ» አለቻት። እናቴ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ፍልሰታ ይግባ» አለች። «ዘንድሮ ጾሙ ሲፈታ ልቆርብ ነው ያሰብኩት። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስወጣ እመጣለሁ። የጾም ነገር ከሠራሽ እቀምሳለሁ።»

ታክሲ ውስጥ ልጄን አቅፌ ሳለቅስ ባለቤቴ ያመመኝ መስሎት ነበር።

ከዚያ ምን እንደምሠራላት ማሰብ ጀመርኩ።

«ሽሮ ሥሪላቸው» አለኝ ባለቤቴ።

«ሽሮማ ቤቷ አለ።»

«ታዲያ በርገር ልታበያቸው ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅኩ ሲያይ «እንዴ! የምርሽን ነው? እማማ ያን የሚያህል ዳቦ በሁለት እጃቸው ይዘው ሲገምጡ ታየኝ እኮ!» አለ።

የምሬን ነበር። እናቴ ስለ እኔ ለሰው ስታወራ «ትምህርቱ አልሆነላትም» ነው የምትለው። እጄ የሚችለውን አንድ ነገር እንድታይልኝ ፈለግኩ።

ቤት ውስጥ ለልጄ የምሠራው በርገር ሥራ ቦታ ከምሠራው ይለያል። ሐኪሙ ሥጋ፣ እንቁላልና አትክልት እንዳይለያት ብሎናል። ልጄ ግን የቆስጣ ቅንጣት እንኳ ከምላሷ ላይ በጣቷ ለቅማ ታወጣለች። ስለዚህ መደበቅ ተማርኩ። ካሮቱን በመፈቅፈቂያው ደቃቅ በኩል እፈቀፍቀዋለሁ፤ ጨው ነስንሼ ትንሽ አቆየውና በጨርቅ እጨምቀዋለሁ። ውሃው ካልወጣ ጥፍጥፉ መጥበሻ ላይ ይፈርሳል። ቆስጣውን አገዳውን ትቼ ቅጠሉን ብቻ አድቅቄ እከትፋለሁ። ቀይ ሽንኩርት፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የከረመ ዳቦ ፍርፋሪ፣ አንድ እንቁላል። ይህ ሁሉ ከተፈጨው ሥጋ ጋር ቀስ ተብሎ ይቀላቀላል፤ ብዙ ከታሸ እንደ ጎማ ይደርቃል። ከዚያ ድቡልቡል አድርጎ በቆርቆሮ ክዳን መጫንና መሃሉን በአውራ ጣት ትንሽ ማጎድጎድ ነው፤ አለዚያ ሲጠበስ እንደ ኳስ ያብጣል። ሥጋው ከአትክልቱ ያንሳል። ልጄ ግን አታውቅም። «ማሚ፣ ቅጠል አለው?» ትለኛለች። «ሥጋ ብቻ ነው» እላታለሁ። አምናኝ ትበላለች።

የጾሙ ደግሞ ተቀቅሎ የተፈጨ ድንችና ውሃው እስኪጠፋ የበሰለ ምስር ነው፤ ካሮቱና ቆስጣው ያው ነው፤ የሚያያይዘው የሽምብራ ዱቄት ነው። ቀይ ሥር ተፈቅፍቆ ከገባበት ሲጠበስ ቀለሙ ቁርጥ ሥጋ ይመስላል። በጾም ወራት በርገር ቤታችን የሚመጡ ሰዎች ሥጋ የሚመስለውን ስለሚወዱ ነው እንዲህ መሥራት የተማርኩት።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ የዕረፍት ቀኔ። ባለቤቴ ጠዋት ላይ «ለአንድ ቀን ልጅቷም ድንቹን ትብላ። ዛሬ ሥጋ ቤት ውስጥ አይኑር» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔ ግን የልጄ የጎን አጥንት ገና ከቆዳዋ በታች ይቆጠር ነበርና አልሰማሁትም። ድንቹን እንደምትተፋው አውቃለሁ። እናቴ ከመምጣቷ በፊት ለልጄ ጠብሼ፣ አብልቼ፣ ዕቃውን አጥቤ እጨርሳለሁ ብዬ አሰብኩ።

ጥንቃቄዬን ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ጎረቤታችን ለጾም ብቻ የምታስቀምጠው መጥበሻ አላት፤ እሱን ለመለመን ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ራሷ ወጥታ «ምነው፣ ደጄን ትጠብቂልኛለሽ እንዴ?» ስትለኝ ነው የተናገርኩት። ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት መጥበሻ ለየሁ። የልጄን ጠበስኩ፣ በሳህን ከደንኩ። እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና ታጠብኩ። ከዚያ የእናቴን ጀመርኩ።

ልጄ ግን እንቅልፍ ወሰዳት። ገና ከሕመም የተነሳች ልጅ ስለሆነች አልቀሰቀስኳትም። ስትነቃ እናቴ በር ላይ ነበረች።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የመጣችው። ነጠላዋ በዝናብ ተጣብቆባት፣ እግሯ ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ በእጇ ካሮት የሞላ ፌስታል ይዛለች። በሩ ላይ ቆመች። ያ ደጅ አምስት ዓመት የቆመችበት ደጅ ነው። ባለቤቴ ሮጦ ፌስታሉን ተቀበላት።

«ይግቡ እማማ፣ ይግቡ! ዝናቡ እኮ ሊወስድዎ ነው።»

«ዝናቡማ የፍልሰታ ነው፣ ምን ያደርገኛል ልጄ። እኔን የጨረሰኝ ታክሲው ነው። ረዳቱ በሰው ላይ ሰው እየጫነ እንደ ጥቅል ጎመን አጣጥፎ ነው ያመጣኝ።»

ባለቤቴ ከልቡ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እግሯን ታጥባ ገባች።

መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሰማዩም ጠቁሯል፤ ቤቱ ገና በቀን ደብዝዟል። ባለቤቴ ለስላሳ ሊገዛ ሲወጣ በጆሮዬ «የልጅቷን ቆይተሽ ስጫት» አለኝ። ልጄ ግን ሽታው አስጎምጅቷት «ራበኝ፣ የኔስ?» እያለች መነጫነጭ ጀምራለች። እናቴ «ኧረ ስጫት፣ ልጅ አይጠብቅም» አለች። የልጄን በርገር ለሁለት ቆርጬ፣ እሷን ጥግ ላይ ካለችው በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ «እዚሁ ቁጭ ብለሽ ብዪ፤ እማማን እንዳታስቸግሪ» አልኳት። ሥጋ መሆኑን ለእናቴ ልነግራት ነበር። ገና ተቀምጣ እህሌን ሳትቀምስ ያን መናገር አስጠላኝ። በኋላ እነግራታለሁ አልኩ።

የእናቴን አቀረብኩላት። ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። አማተበች፤ ከዚያ በርገሩን ግራና ቀኝ እያገላበጠች አየችው።

«ይህ ነገር እንዴት ነው የሚበላው? አፌ አይበቃውም እኮ።»

«በሁለት እጅሽ ያዢው እማዬ። ጫን አድርጊው።»

ገመጠች። ስታኝክ ፊቷን አየሁት።

«ቀይ ሥር አለበት።»

«አዎ።»

«ካሮትም አለ። ቆስጣም። እንዴ፣ ጉልቴን በሙሉ ነዋ የከተትሽበት!» ደግማ ገመጠች። «ማን አስተማረሽ?»

«ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

ይህን ስትል ፊቴን አዙሬ ቲማቲም መክተፍ ጀመርኩ፤ እንባዬን እንዳታይብኝ። ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል ልጄ ከበርጩማዋ ተነስታለች። ከራሷ በርገር ቆርሳ፣ በሦስት ጣቷ ጨብጣ፣ እናቴ ፊት ቆማለች።

«እማማ፣ የኔን ብዪ። አፍሽን ክፈቺ።»

«ውይ፣ ታጎርሺኛለሽ? ነይ እስቲ የኔ እናት።»

እናቴ ጎንበስ ብላ አፏን ከፈተች። ከእነሱ እስከ እኔ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። «ቆይ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። አንድ ቃል ነበር። ልጄ አጎረሰቻት። እናቴ የልጄን ጣት በከንፈሯ ይዛ ለጨዋታ ልትነክሳት ስትል፣ ልጄ ከሐኪም ቤት ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እየጮኸች ሳቀች።

እናቴ አኘከች፤ ዋጠች።

«ምነው የሷ ከኔ ይበልጥ ጣፈጠ? ምን አድርገሽበት ነው?»

«ሽንኩርቱን አብዝቼበት ነው» አልኳት።

«አድልተሻላ!» አለች እየሳቀች። «በይ ድገሚኝ የኔ ቆንጆ።»

ልጄ ደገመቻት። ሁለተኛውን ቆሜ አየሁት። ስለ መጀመሪያው ደነገጥኩ፣ አንደበቴ ተያዘ ልል እችላለሁ። በሁለተኛው ግን የማስብበት ጊዜ ነበረኝ፤ አስቤበታለሁም። ብናገር ትተፋዋለች፣ ትነሳለች፣ ተመልሳ አትመጣም አልኩ። አንዴ ውጣዋለች፤ ሁለተኛው ምን ይጨምራል አልኩ። ሥጋውም ትንሽ ነው፣ አብዛኛው አትክልት ነው አልኩ። ይህን ሁሉ ያልኩት በልቤ ነው።

ባለቤቴ ጠርሙሶቹን ይዞ ገባ። ነጠላ ጫማውን እያወለቀ፣ ምንም ሳያስብ፣ ልጁን «እሺ፣ ሥጋሽን ጨረስሽ?» አላት።

«ለእማማ አጎረስኳት! ሁለቴ!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ባለቤቴ እኔን አየኝ። እናቴ የያዘችውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰች። የቀይ ሥር ቀለም የነካቸውን ጣቶቿን ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የምትለምነኝ ነበር የምትመስለው።

«አንቺ አላየሻትም፣ አይደል? ጀርባሽን ሰጥተሽን ነበር።»

«አላየሁም» አልኳት።

ደንበኛ ፊት እንኳ ምን ልታዘዝ ማለት የሚያቅተኝ እኔ፣ ይህን ሳልንተባተብ ተናገርኩት።

«ሕፃን ናት፤ አትቆጧት» አለች እናቴ። ወደ ደጅ ወጥታ ከጣራው በሚወርደው ውሃ አፏን ደጋግማ ተጉመጠመጠች። ልጄ ተከትላት ወጥታ «እማማ፣ አልጣመሽም?» ስትላት ሰማሁ።

«ጣመኝ፣ የኔ እናት። በጣም ነው የጣመኝ።»

ነጠላዋን ለበሰች። ባለቤቴ «ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ» ብሎ ቢለምናት «መሸብኝ» አለች። አልመሸም ነበር። ታክሲ ድረስ የሸኛት እሱ ነው።

ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ቆይቶ «በእርግጥ አላየሽም?» አለኝ። የጎረቤታችንን መጥበሻ ማጠብ ጀመርኩ። ደግሞም አልጠየቀኝም።

ከሳምንት በኋላ አክስቴ ደወለችልኝ፤ የእናቴ ታናሽ እህት ናት።

«ደስ አለሽ አሁን? እንደናንተው ልታደርጊያት ነው ሥጋ ያጎረስሻት?»

«እኔ አይደለሁም፣ ልጅቷ ናት...»

«ልጅቷን የላከ ማን ሆነና! እኔ አውቀሽ ነው እላለሁ። እናትሽ ደግሞ 'ልጄን አውቃታለሁ፣ ዓይን አፋር ናት እንጂ ተንኮለኛ አይደለችም፤ ብታይ ኖሮ ዝም አትልም' እያለች ትሟገተኛለች። ትናንት ማርያምን ብላ ምላልሻለች! ሰማሽ? በፍልሰታ፣ ማርያምን ብላ!»

ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ መሥራት አቃተኝ። ጥፍጥፉ መጥበሻ ላይ እያረረ ቆሜ አየው ነበር። እናቴ በእኔ ውሸት ላይ መማሏ አላስቀምጥ አለኝ። ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው ከሥራ አስፈቅጄ ሀና ማርያም ሄድኩ። በልጅነቴ ያልተናገርኩትን ሁሉ ያኔ እንደምናገረው ይመስለኝ ነበር። መናገር ብቻውን ነገሩን የሚያስተካክለው ይመስለኝ ነበር።

ጉልቷ ላይ ላስቲክ ወጥራ ተቀምጣለች። ድንቹን በየመደቡ እየከመረች ነበር። ስታየኝ ደስ አላት።

«ልጅቷስ?»

«ደህና ናት። እማዬ፣ አይቼ ነበር።»

«ምኑን?»

«ስታጎርስሽ። ሥጋ መሆኑን አውቅ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አይቻለሁ።»

እጇ ቆመ። በዚህ መሃል አንዲት ሴት መጥታ «ይህ መደብ ስንት ነው?» አለች። እናቴ ነገረቻት። ሴትዮዋ ተከራከረች፣ እናቴ መለሰችላት፣ ድንቹን ፌስታል ውስጥ ከተተችላት። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። ሴትዮዋ ስትሄድ እናቴ የተነሳውን መደብ ቦታ በሌላ ድንች ሞላችው።

«የነፍስ አባቴ ሳታውቂ ነው፣ ልጅሽም ሳታውቅ ነው፤ ነገ ትቆርቢያለሽ ብለውኝ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ልጄ አላየችም ያልኳቸው። ለእህቴም ምዬላታለሁ።»

«ይቅርታ እማዬ።»

«ያኔ ብትነግሪኝ እተፋው ነበር። አሁን ምኑን ልትፋው?»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል አየች፤ ከዚያ ወደ ድንቿ ተመለሰች።

«በይ ሂጂ፤ ልጅቷን ብቻዋን አትተያት።»

በማግስቱ አለመቁረቧን አክስቴ ደውላ ነገረችኝ። ያኔ አልጮኸችብኝም።

ባለቤቴ «እናት ናቸው፣ ይቅር ይሉሻል» ይለኛል። ይቅርማ ብላኛለች። ሰላም ስላት ትስመኛለች፤ ልጄን በስልክ ታወራታለች። ቤቴ ነይ ስላት «እስቲ እናያለን» ትላለች። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። በርገር ቤቱም እንዳለሁ ነኝ፤ በቀን ስንቱን እንደምጠፈጥፍ አላውቅም። ቤት ውስጥ ግን መሥራት ትቻለሁ፤ ልጄ እየለመነችኝ «ነገ» እላታለሁ።

ባለፈው እሑድ ጉልቷ ሄጄ ከአጠገቧ ብዙ ተቀመጥኩ። የማወራው ሲጠፋኝ ካሮት ስጪኝ አልኳት። መርጣ መዘነችልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሷ ጉልት ገዝቼ አላውቅም። እንደ ልማዴ ፌስታሉን ይዤ ልነሳ ስል እጇን ዘረጋች። ብሩን ሰጠኋት። ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው፤ ለደንበኛ እንደምታደርገው ከላይ ሁለት ካሮት ጨመረችልኝና «ደግሞ ነይ» አለችኝ።